አልገጥም ያለው የፍሪሲዮን ሸራ፦ ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኤንትሬ

ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌ እስከ ሐዋሳ እግሬ ሥር አድርጌ ያመጣሁት የፍሪሲዮን ሸራ ጋራዥ ደርሶ አልገጥም አለ። ስፋቱ ልክ ነው፤ ለዓይንም ያው ነው። መሃሉ ላይ ያሉት ጥርሶች ግን ከካምቢዮው ዘንግ ጋር በቁጥር አልተስማሙም። ሻጩ አልዋሸኝም። "የፊያት ክላች" አልኩት፣ የፊያት ክላች ሰጠኝ።

አባቴ አምስታችንን ያሳደገን ያን ኤንትሬ እየነዳ ነው። መኪናው በአንድ ሸራ ምክንያት ቡና በሚጫንበት ወራት ቆሞ ከረመ፤ የለመዱን ደንበኞችም ሌላ መኪና ያዙ። አባቴ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አሮጌውን ለምን ይዘህ አልሄድክም?"

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ጥያቄ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ ዕቃው ለምን እንዳሳሳተኝ ለማወቅ ወደ መኪናው ታሪክ መመለስ ነበረብኝ።

ቁጥር የነበረው ስም

ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ለጦሩ የሚሆነው ስንቅና ጥይት በምፅዋ ወደብ እየገባ፣ በአስመራ በኩል ወደ መሀል አገር በካሚዮን ይጓዝ ነበር። ከካሚዮኖቹ አንዱ በ1931 የወጣው ባለ ናፍጣ ሞተሩ ፊያት 634 ነው። የእኛ ሰዎች "ትሬንታ ኳትሮ" አሉት። ትርጉሙ በጣሊያንኛ "ሠላሳ አራት" ማለት ነው፤ ከ634 መጨረሻውን ብቻ ቆርጠው ያዙት ማለት ነው።

ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ፊያት 682 የተባለውን ከባድ መኪና አወጣ። ይህ መኪና ኤን፣ ቀጥሎ ኤን ሁለት፣ ቀጥሎ ኤን ሦስት እየተባለ በየጊዜው ተሻሻለ። ሦስተኛው በጣሊያንኛ "ኤን ትሬ" ነው። የአሰብን መንገድ፣ የጎጃምን ዳገት፣ የሲዳሞን ጭቃ የሚያውቅ ሾፌር ሁሉ ኤንትሬን ያውቃል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አባቶቻችን መኪናውን የጠሩት በኩባንያው ስም አልነበረም፤ በሞዴሉ ቁጥር ነበር። ትሬንታ ኳትሮም ቁጥር ነው፣ ኤንትሬም ቁጥር ነው። እኔ ግን ናይሮቢ ቆሜ "የፊያት" አልኩ። አባቴ በየቀኑ የሚጠራውን ቁጥር ትቼ የፋብሪካውን ስም ብቻ ይዤ ሄድኩ። በኤን ሁለትና በኤን ሦስት መካከል ያለውን ልዩነት ሻጩ ከየት ያውቅልኛል?

ሞያሌ ላይ የሚቆሙ ቃላት

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከተባረረ በኋላ መኪናዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ብዙ ጣሊያናዊ መካኒኮችም በአስመራና በአዲስ አበባ ቀርተዋል። ልጆቻችን ሙያውን የተማሩት ከእነሱ ጋራዥ ነው። ሙያው ከነቃሉ ገባ፦ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ብሎን፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ።

የቃላቱ ትርጉም ራሱ ያስደስታል። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ፍሬቻ ፍላጻ ነው፤ የድሮ መኪና ሊታጠፍ ሲል ከጎኑ እንደ ፍላጻ ያለ ነገር ብቅ ያደርግ ነበርና። ከመነዳሪ የአየር ክፍል ማለት ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው፤ ዘንጉ ተደግፎበት ይዞራል። ባሌስትራ ደግሞ ጥንት ወታደር ፍላጻ የሚወረውርበት የቀስት ዓይነት ነው። የመኪናችንን ባሌስትራ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ለምን እንዲህ እንደተባለ ወዲያው ይገባዋል።

እነዚህ ቃላት ከአስመራ እስከ ሞያሌ አገልግለውናል። ድንበር ስንሻገር ግን ያቆማሉ። ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ፍሪሲዮን ቢሉ የሚሰማ የለም፤ ክላች ነው። ጅቡቲ አምብራያዥ ይሆናል። ኩሽኔታ በኬንያ ቤሪንግ፣ በጅቡቲ ሩልማ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ቃሉን ይተረጉማል፤ ሲተረጉም ደግሞ ዝርዝሩ ይወድቅበታል። "የኤንትሬ ፍሪሲዮን ሸራ" የነበረው "የፊያት ክላች" ሆኖ ይቀራል። እኔን ያከሰረኝ ይኸው ነው።

ስሙ የተለወጠ ፋብሪካ

ሌላው ወጥመድ የፋብሪካው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የፊያት የከባድ መኪና ክፍል ከሌሎቹ የጣሊያን ስሞች ከኦኤምና ከላንቻ፣ ከፈረንሳዩ ዩኒክ፣ ከጀርመኑ ማጊሩስ ዶይትስ ጋር ተዋህዶ ኢቬኮ ሆነ። በአገራችንም በ1970 የተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ አምቼ ከፊያት ወደ ኢቬኮ አብሮ ተሻግሯል። ስለዚህ የአሮጌ ፊያት ዕቃ ፈላጊ "ፊያት" የሚል ሣጥን ብቻ ከፈለገ፣ "ኢቬኮ" ተብሎ የተጻፈበትን አልፎት ሊሄድ ይችላል።

የመሪው ጎንም የራሱ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ የተሻገረችው በሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ዛሬም በግራ ይነዳሉ፤ መኪናቸውም መሪው በቀኝ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ጣሊያኖች በቀኝ መንገድ እየነዱም ለከባድ መኪና መሪውን በቀኝ በኩል ሲሠሩ መቆየታቸው ነው፤ ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ እንዲያይ ነበር። ስለዚህ የመሪ ዕቃ ስትገዙ "በአገራችን እንዲህ ነው" ብላችሁ አትገምቱ። ወርዳችሁ መኪናውን እዩ።

ድንበር የማያቆመው ቋንቋ

ታዲያ ምን እናድርግ? ቃል ቢቆምም ቁጥር አይቆምም። ኩሽኔታን እንውሰድ። ጠርዙ ላይ 6308 የሚል ካነበባችሁ፣ የውስጥ ቀዳዳው 40፣ የውጭ ስፋቱ 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊሜትር ነው። የስዊድን ይሁን የጃፓን፣ አዲስ አበባ ይሸጥ ካምፓላ፣ ልኩ አንድ ነው። በዚህ ዓይነት ኩሽኔታ ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ብታባዙ የቀዳዳውን ልክ ታገኛላችሁ፤ 08 በ5 ሲባዛ 40 ነው። ይህ ከ04 ጀምሮ ላለው ይሠራል። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጡትን ፊደላትም አትዝለሉ፤ ኩሽኔታው መሸፈኛ እንዳለውና እንደሌለው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የዘይት ማኅተም ጎማም እንዲሁ ነው፤ 50-72-10 ካለ ውስጡ 50፣ ውጪው 72፣ ውፍረቱ 10 ነው።

ቁጥሩ የጠፋ እንደሆነ ልክ ይነገራል። ለፍሪሲዮን ሸራ የውጭ ስፋቱን ለኩ፣ የመሃሉን ጥርሶች ቁጠሩ፣ የካምቢዮው ዘንግ የሚገባበትን ቀዳዳ ለኩ። ሞተሩ ከዚህ በፊት ሬክቲፊካ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው ብቻ አይበቃም፤ ያኔ ስንት ሚሊሜትር እንደተላጠ ካልታወቀ፣ ትክክለኛ ቁጥር ያለው አዲስ ዕቃም ላይገጥም ይችላል። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ምን እንደቀየረ ማን ያውቃል? ሻንሲው ኤንትሬ ሆኖ ካምቢዮው ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ አሮጌው ዕቃ ራሱ አብሯችሁ ይጓዝ። ከባድ ከሆነ በስልክ አንሱት፤ ሜትር ከጎኑ ዘርግታችሁ፣ ፊትና ጀርባውን።

እኛ ድንበር የምንሻገር ነጋዴዎች ደግሞ አንድ አደራ አለብን። ደንበኛ "የፊያት አምጣልኝ" ሲለን እሺ ብሎ መሄድ ይቀላል። ግን በዚያ እሺታ የሚቆመው መኪና የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ቁጥሩን ሳንይዝ ብር አንቀበል።

የእኛ ሸራ በመጨረሻ የተገኘው የት መሰላችሁ? አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጥርሱን ቆጥሬ፣ ልኩን ወረቀት ላይ ጽፌ ልሄድ ስል፣ አባቴ "መጀመሪያ ሶማሌ ተራ እይ" አለኝ። መርካቶ ሁለተኛው ሱቅ ላይ ባለቤቱ አሮጌውን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ጥርሱን በጣቱ ቆጠረና ከጓዳ አንድ አቧራ የለበሰ ሣጥን አወጣ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው "ኢቬኮ" ነበር።

ገጠመ።