ኪፍሬም፣ በአማርኛ «አውራ ፍሬም»

በርበሬ የምትወቅጥ ሴትን በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ፈለግን እንበል። ቦታው ቡሬ ይሁን፤ በርበሬ ተብሎ ቡሬን የሚቀድም አለ? (የማረቆ ሰዎች ይቅር ይበሉን።) ሙቀጫው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ዘነዘናው በሁለት እጅ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይነሣል። ለዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ሠሪው በግድ የሚወስናቸው ቅጽበቶች ጥቂት ናቸው፦ ዘነዘናው ከላይ የደረሰባትና ሙቀጫው ውስጥ ያረፈባት። እነዚህን ቅጽበቶች የሚይዘው ፍሬም በአኒሜሽን ትምህርት ኪፍሬም ይባላል። በመካከል ያለውን መንገድ ሶፍትዌሩ ራሱ ይሞላዋል። እዚህ ላይ ኪፍሬምን «አውራ ፍሬም»፣ በመካከል የሚሞሉትን «ሙሌት ፍሬም» ወይም ባጭሩ «ሙሌት» እንላቸዋለን። ለምን እንዲህ እንዳልን በኋላ እንመለስበታለን።

ፍሬም የሚለውን ግን እንዳለ ትተነዋል። ፎቶ ቤቱም፣ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጩም አስለምደውናል፤ የተለመደ ቃል ማባረር ትርፍ የለውም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል የምንለው ነገር በእውነቱ አይንቀሳቀስም። ትንሽ ትንሽ የሚለያዩ ቋሚ ምስሎች ተከታትለው ሲያልፉ ዓይናችን እንቅስቃሴ አድርጎ ያነባቸዋል። ሲኒማው የለመደው ልክ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። በዚህ ልክ የአንድ ደቂቃ ታሪክ 1,440 ምስል ይፈልጋል ማለት ነው።

ኪፍሬም የሚለውን ቃል የወለደው ይህ ቁጥር ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል በ1908 እ.ኤ.አ. ሁለት ደቂቃ ያህል እንኳ የማይሞላ ፊልሙን «ፋንታስማጎሪ»ን ለመሥራት ወደ 700 ገደማ ሥዕሎችን በእጁ ሥሏል። በዚህ አካሄድ ረጅም ፊልም እንደማይሠራ የገባቸው የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ሥራውን ከፈሉት። የበሰለው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን ዋና ዋና አቋቋሞች ብቻ ይሥላል፤ ጀማሪዎቹ በመካከል ያሉትን እየሣሉ ይሞላሉ። ዋልት ዲዝኒ ዘንድ የሠሩት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የዘረዘሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሖች፣ ዛሬም በየኮርሱ የሚጠቀሱት፣ የዚያ ዓይነቱ ስቱዲዮ ልምድ ናቸው።

የጀማሪዎቹን ቦታ ማሽን የያዘው በካናዳ ነው። ኔስቶር በርትኒክና ማርሴሊ ዋይን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ፣ ሠዓሊው አውራዎቹን ከሰጠው ሙሌቱን አስልቶ የሚያወጣ የኮምፒውተር ዘዴ ሠሩ። ፒተር ፎልዴስ በዚህ ዘዴ ተጠቅሞ በ1974 እ.ኤ.አ. አጭር ፊልም አወጣ፤ ርእሱ «ረሃብ» ነው። አለልክ የሚበላ ሰው መጨረሻ ላይ ራሱ በተራቡት ይበላል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ላፕቶፑ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚያዝዘው ሥራ መነሻው ያ ነው።

ወደ በርበሬያችን። ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ጊዜውን ፍሬም 1 ላይ አቁመን፣ ዘነዘናውን ወደ ላይ አንሥተን «አይ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ስንጫን አውራ ፍሬም ይተከላል፤ ከታች በጊዜ መስመሩ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ነጥብ ትታያለች። ፍሬም 7 ላይ ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ አስገብተን እንደገና እንተክላለን። ፍሬም 9 ላይ ያንኑ አቋም እንደግመዋለን፣ ምክንያቱም ዘነዘና መትቶ ወዲያው አይነሣም፤ ትንሽ ያርፋል። ፍሬም 21 ላይ ወደ ላይ እንመልሰዋለን። አራት አውራ ሠርተን 17 ሙሌት በነጻ አገኘን። አወራረዱ ሩብ ሰከንድ፣ አነሣሡ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። ይህ ልዩነት ከምንም የመጣ አይደለም፦ ዕቃ በራሱ ከግማሽ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሲሶ ሰከንድ ትንሽ ያነሰ ጊዜ ይወስድበታል፤ ወቃጯ ደግሞ በክንዷ ትገፋዋለች። ሲነሣ ግን ክብደቱን የምትሸከመው እሷ ናት።

አሁን ስናጫውተው ቅር የሚያሰኝ ነገር እናያለን። ዘነዘናው እንደ ላባ ነው። ሙቀጫው አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ተጠንቅቆ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በርበሬ እንዲህ አይወቀጥም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን ወይም ራሱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የአሞላሉ ነው። ብሌንደር ካልነገሩት በቀር ሙሌቱን የሚሠራው ቤዚየር በሚባለው አሞላል ነው፤ ይህም ከእያንዳንዱ አውራ ሲነሣ ቀስ፣ ወደሚቀጥለው ሲደርስም ቀስ የሚል ነው። ለበር መከፈት፣ ለአንገት መዞር ያምራል። ለሚመታ ነገር ግን ውሸት ነው። መፍትሔው የእንቅስቃሴው ኩርባ የሚታይበትን የግራፍ መስኮት ከፍቶ ፍሬም 7 ላይ ያለችውን አውራ መምረጥና ኩርባውን የምታጎብጠዋን እጀታዋን «ቬክተር» ወደሚባለው ዓይነት መቀየር ነው። ኩርባው ለጥ ማለቱን ትቶ በቁልቁለት ይደርሳል፤ ዘነዘናው ፍጥነቱ ሳይቀንስ ይመታል። ከላይ ያለችውን እንዳትነኳት፤ ዘነዘና አናት ላይ ሲደርስ በእውነትም ቀስ ይላል። በዚች አንዲት እጀታ ዕቃው ክብደት ያገኛል። እንደኔ ከሆነ አኒሜሽን የሚጀምረው ነጥብ ሲተከል ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ስለ ስሙ። በአማርኛ ለማስተማር የሚሞክሩ ሰዎች ሲጨንቃቸው «ቁልፍ ፍሬም» ይላሉ። «ቁልፍ ሚና» የሚለውን የዜና አማርኛ ለለመደ ጆሮ ስሕተት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ከተማሪው ጋር ስንቀመጥ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ቁልፍ ማለት በየደቂቃው የሚጫነው የኪቦርድ ቁልፍ ነው። «ቁልፉን ተጭነህ ቁልፍ ፍሬም አስገባ» ሲባል ሁለቱ ይምታቱበታል፤ ቁልፍ ፍሬምን «በቁልፍ የሚገባ ፍሬም» አድርጎ ይይዘዋል።

«አውራ» ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። አውራ ጎዳና፣ አውራ ጣት እያልን ዋናውን ከተከታዩ ስንለይበት ኖረናል። ከሁሉ በላይ ግን የጎጃም ንብ አናቢ ቃሉን የሚጠቀምበት መንገድ ጉዳዩን ልክ ይገጥመዋል፦ አውራዋ ካረፈች መንጋው ሁሉ እዚያው ይሰፍራል፤ እሷ ከተነሣች ይከተላታል። የጊዜ መስመሩም እንዲሁ ነው። አውራ ፍሬሟን ከ7 ወደ 8 ብትጎትቷት በመካከል የነበሩት ሙሌቶች ሁሉ ሳይነኩ አብረው ይስተካከላሉ። ሙሌቱን መጎተት ግን አይቻልም፤ ሙሌት የራሱ ሥፍራ የለውም። ሊያርሙት የፈለጉ ሰዎች እዚያው ላይ አዲስ አውራ ይተክላሉ፤ ያኔ ሙሌት መሆኑ ይቀራል። «ሙሌት» የሚለውን ደግሞ የዓባይ ግድብ ዜና ከልጅ እስከ አዋቂ አስተምሮናል።

ይህን ለመማር ብዙ ነገር አያስፈልግም፤ ፍኖተ ሰላም ወይም ጅጋ ያለ ተማሪም ሊጀምረው ይችላል። ብሌንደር ነጻ ነው። ሆላንዳዊው ቶን ሮዘንዳል በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሶፍትዌር ኩባንያው ሲዘጋ ሊጠፋ ነበር፤ ወዳጆቹ በ2002 እ.ኤ.አ. በሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ነጻ አስወጡት። በ2025 እ.ኤ.አ. በአኒሜሽን ኦስካር ያገኘው የላትቪያ ፊልም «ፍሎው» የተሠራው በዚሁ ሶፍትዌር ነው። ብሌንደር አንዴ በፍላሽ ከተገኘ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይህ በምዕራብ ጎጃም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የተማሪው ትምህርት ቤት አስቀድሞ የተጫነ ቪዲዮ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ያረጀ ከሆነ ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት የወጣውን 2.79 የተባለውን እትም ይጠቀም፤ አውራ ፍሬም እዚያም ያው አውራ ፍሬም ነው። መብራት ስለሚጠፋ ደግሞ ያለቀውን ሥራ በቪዲዮ ፋይል ሳይሆን በተከታታይ ምስሎች ማውጣት ይሻላል፤ መብራቱ ሲመለስ ከቆመበት ፍሬም ይቀጥላል። ኮምፒውተር የሌለውም ቢሆን ቃሉን በስልኩ ያውቀዋል፦ ካፕከት በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ያለችው የመደመር ምልክት ያላት ባለ አራት ማዕዘን ነጥብ እሷው ናት።

አውራ ፍሬም ያለውን ሥራ ከሌለው ለመለየት፣ የኛ ልጆች ያደጉበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ሼን ኤትዘንሃውዘር በ2005 እ.ኤ.አ. ያስጀመሩት ፕሮግራም የአሻንጉሊት ትርኢት ነበር፤ ቀጭኔዋን ፀሐይን የሚያንቀሳቅሳት የሰው እጅ ነው፤ ካሜራው እጁ የሠራውን ሁሉ እንዳለ ይቀዳል። እዚያ ውስጥ አውራና ሙሌት የሚባል የለም። ከዚያው ቤት የወጣው «ጥበብ ገርልስ» ግን የተሣለ አኒሜሽን ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ እጇን እንድታነሣ እንኳ አንድ ሰው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ መወሰን ነበረበት።

በአማርኛ የአኒሜሽን ኮርስ የምታዘጋጁ፣ በቪዲዮ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የምታስገቡ መምህራን፦ «አውራ ፍሬም»ን ሞክሩት። በመጀመሪያው ትምህርት ላይ «ኪፍሬም»ንም አብራችሁ ጥቀሱት፤ የሶፍትዌሩ ሜኑ የሚያሳየው እሱን ነውና ተማሪው መፈለግ ይኖርበታል። ከሁለተኛው ትምህርት ጀምሮ ግን አውራና ሙሌት ይበቃሉ። የተሻለ ቃል ያለው ደግሞ ያምጣው፤ ተማሪ ፊት ተሞክሮ ካለፈ እንቀበለዋለን።