ከአማኑኤል እስከ ጣና ዳር፦ የአእምሮ ሕክምና ወደ ቤት የቀረበበት መንገድ

«ዶክተር፣ ልጄ ተሽሎት ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ታዲያ መድኃኒቱና ቀጠሮው ለምን ይቀጥላል?» ብዙ ወላጆች ይህን ይጠይቃሉ። መልሱን የአገራችን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ይነግረናል።

አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ተመሠረተ፤ ለአሥርት ዓመታትም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ያኔ ከባሕር ዳር ወይም ከዘጌ የሚሄድ ታማሚ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። ተኝቶ ታክሞ ሲሻለው ወደ አገሩ ይመለሳል። የያዘው መድኃኒት ሲያልቅ ግን ለአንድ ቀጠሮ ያን ሁሉ መንገድ ደግሞ መሄድ ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው። መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ያገረሻል። ያየ ሰው «ይህ በሽታ በሐኪም አይድንም» ቢል አይገርምም። የጎደለው ግን ከሆስፒታል በኋላ የሚደረገው ክትትል ነበር።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የሳይካትሪ ነርሶች መሠልጠን ሲጀምሩ ነው። ነርሶቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመድበው በተመላላሽ ማከም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በተመላላሽ መታከም ይቻላል።

ከዚያም በላይ መቅረብ ይቻላል። በቡታጅራ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የተከታተሉ ታማሚዎች ሆስፒታል ውስጥ በሳይካትሪ ነርስ ከሚታዩት ያላነሰ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል።

ስለዚህ ታማሚያችሁ ከሆስፒታል ሲወጣ፦

✅ የመድኃኒቱን ስም፣ አወሳሰድና የቀጠሮውን ቀን በወረቀት ተቀበሉ።
✅ መድኃኒቱን በቅርብ የት እንደምታገኙ ሳትወጡ ጠይቁ፤ ሳያልቅም ተኩ።
✅ ጠበል የምትሄዱ ከሆነ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።
✅ እንቅልፍ ማጣት፣ ብቻውን ማውራት፣ ከሰው መሸሽ ከጀመረ ቀጠሮውን አትጠብቁ። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ስለመጉዳት ካወራ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።
❌ «ተሽሎታል» ብላችሁ ሐኪሙን ሳታማክሩ መድኃኒት አታቋርጡ።

የቀደሙት ቤተሰቦች ያጡት ክትትል ዛሬ ደጃችን ድረስ እየመጣ ነው። እንጠቀምበት።

መልካም ጤና!