ለአነስተኛ የኃይል ማመንጫ የሚያስፈልጉ ፈቃዶችና ሰነዶች፦ ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌና በፊልቱ ዙሪያ በሚገኙ በርካታ ቀበሌዎች ወፍጮ ቤቱም፣ የወተት ማቀዝቀዣውም፣ የጉድጓድ ውሃ ፓምፑም የሚንቀሳቀሱት በናፍጣ ጀነሬተር ወይም በሶላር ኃይል ነው። የአንድ ነጋዴ ጀነሬተር በእንጨት ምሰሶ ላይ በተወጠረ ገመድ ለጎረቤት ሱቆች መብራት ሲሰጥ፣ ሱቆቹም በአምፖል ቁጥር በየወሩ ሲከፍሉ ማየት እንግዳ አይደለም። ይህ አሠራር በጎረቤታሞች ዘንድ እንደ መረዳዳት ቢቆጠርም በሕግ ዓይን ኤሌክትሪክ መሸጥ ነው።

ጉዳዩን የሚገዛው ዋናው ሕግ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1085/2010 ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት የነበረው የኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስምም በተደጋጋሚ ተለውጧል፤ ቀድሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ፣ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባል ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ሲሻሻል ደግሞ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። በየእጁ የቆዩ ቅጾችና ደብዳቤዎች የያዘ ሰው በሦስቱም ስሞች የተጻፉ ወረቀቶች ቢያገኝ ሊደናገር አይገባም። ይህ መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የተለየ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል፤ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቆጣሪ የሚያስገባና ሒሳብ የሚሰበስብ አቅራቢ ነው፤ ባለሥልጣኑ ግን አቅራቢዎችን የሚቆጣጠር ነው።

በአዋጁ መሠረት ኤሌክትሪክን ለንግድ ዓላማ ማመንጨት፣ ማስተላለፍ፣ ማከፋፈልና መሸጥ፣ እንዲሁም ወደ ውጭ መላክና ከውጭ ማስገባት ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማመንጫው ምን ያህል ነው?» ሳይሆን «ኃይሉ ለማን ነው?» የሚለው ነው። በራሱ ግቢ ፓነል ሰቅሎ የራሱን ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ሰውና ለሃያ ቤቶች ገመድ የዘረጋ ሰው በአንድ ሚዛን አይታዩም። በመካከላቸው ያለው፣ ለራሱ አመንጭቶ የተረፈውን ለመሸጥ የሚያስበው ነው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው፤ እርሱም ሽያጩን ከመጀመሩ በፊት ጉዳዩን በጽሑፍ ለባለሥልጣኑ ማቅረብ ይኖርበታል። ከነገሌ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጉዞ ከመጀመር በፊት በወረዳውና በዞኑ የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት አማካይነት የሚፈለጉትን ሰነዶች ዝርዝር ማጣራት ድካምም ወጪም ይቀንሳል።

ከቴክኒክ ሰነድ በፊት የሚመጣው የባለቤቱ ማንነት ነው። ግለሰብ ከሆነ የንግድ ምዝገባና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጁ ቁጥር 980/2008 ነው። የአካባቢው ሰዎች በጋራ የሚሠሩት ከሆነ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተመዝግቦ የሕግ ሰውነት ያገኘ ማኅበር መሆን አለበት። ያልተመዘገበ ኮሚቴ በስሙ ፈቃድ ሊያወጣም፣ ብድር ሊወስድም፣ ሊከስም አይችልም። በልማት ድርጅት ድጋፍ የተተከሉ ማመንጫዎች የሚገጥማቸው አንድ ችግር ከዚህ ይመነጫል፤ መሣሪያው ለ«ኅብረተሰቡ» ይሰጣል፤ ኢንቨርተሩ ሲበላሽ ግን ኅብረተሰቡ ማን እንደሆነ በወረቀት የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

መሬቱ ቀጥሎ ይመጣል። በከተማ ክልል ውስጥ የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል ይበቃ ይሆናል። በአርብቶ አደሩ ምድር ግን ነገሩ ይለያል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በካሎ ውስጥ ወይም ከብቶች ወደ ኤላ በሚወርዱበት መንገድ ላይ ፓነል መደርደር፣ የቀበሌ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢኖርም፣ ጠብ ሊያስነሳ ይችላል። የሽማግሌዎችንና የውሃውን አስተዳዳሪዎች ስምምነት በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ብልህነት ነው።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግልጽ ነው፤ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም፤ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም ይሁንታው መኖሩን ሳያረጋግጡ ፈቃድ መስጠት የለባቸውም። ተጽዕኖ የሚደርስበት ኅብረተሰብ አስተያየት የመስጠት መብት አለው። ይሁንታ ማግኘትም ኋላ ለሚደርስ ጉዳት ከመጠየቅ አያድንም፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወደ ጉድጓድ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ወረቀቱን እንደ ጋሻ ሊያነሣው አይችልም። በወንዝ ኃይል ለሚያመነጭ ሰው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ይጨመራል። ይህ አዋጅ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖንና የውሃ ወፍጮን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። ነገር ግን በገናሌ ወይም በዳዋ ገባሮች ላይ ግድብ ሠርቶ ተርባይን መትከል ከውሃ ወፍጮ ጋር አንድ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም።

የቴክኒክ ሰነዱ ብዙ አመልካቾች የሚወድቁበት ነው። የተተከለው አቅም በኪሎዋት፣ የሚጠበቀው የደንበኞች ፍላጎት፣ የመስመሩ ንድፍና የመከላከያ መሣሪያዎቹ በግልጽ መቅረብ አለባቸው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው የወፍጮ ሞተር ወደ 11 ኪሎዋት ይፈጃል። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 66 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቀኑ ከ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋር እኩል ኃይል ይሰጣል፣ ከዚያም ሩብ ያህሉ በሙቀት፣ በአቧራና በገመድ ይባክናል ብለን ብናሰላ ለወፍጮው ብቻ 18 ኪሎዋት ገደማ ፓነል ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ሞተሩ በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ የሚሆን ኮረንቲ ስለሚስብ፣ 12 ኪሎዋት የተጻፈበት ኢንቨርተር ሊያስነሣው አይችልም። ይህ ስሌት የሌለው ማመልከቻ ቢጸድቅ እንኳ ወፍጮው በመጀመሪያው የገበያ ቀን ይቆማል።

ገመዱን የሚዘረጋው ባለሙያ ከባለሥልጣኑ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት። ሻጩ «ልጄ ይገጥምልሃል» ቢል የልጁን የምስክር ወረቀት መጠየቅ ነውር አይደለም። ምክንያቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዋናው መስመር በደረሰባቸው ከተሞች መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው ጀነሬተሩን በቀጥታ ከቤቱ ሶኬት ጋር ያገናኛል። መስመሩን ከኃይል ምንጩ የሚለየው ማዘዋወሪያ፣ በተለምዶ ቼንጅ ኦቨር የሚባለው፣ ከሌለ የጀነሬተሩ 220 ቮልት ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ትራንስፎርመሩ ይገባል፤ ትራንስፎርመሩም በተገላቢጦሽ ወደ 15,000 ቮልት ከፍ ያደርገዋል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ የሞተ መስሎት ይነካዋል። ማዘዋወሪያውና የመሬት ገመዱ በንድፉ ላይ መታየት ያለባቸው በዚህ የተነሣ ነው።

ሙቀትንና ኤሌክትሪክን በአንድነት ማመንጨት በአገራችን የሚታወቀው በስኳር ፋብሪካዎች ነው። ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫአ ከተጨመቀ አገዳ የሚቀረውን ገለፈት አንድደው እንፋሎት ያወጣሉ፤ እንፋሎቱ መጀመሪያ ተርባይን ያዞራል፣ ከዚያም ጭማቂውን ያፈላል። ትርፉን ኃይል ለብሔራዊው ቋት የሚሸጥ ፋብሪካ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የኃይል ግዥ ስምምነት ያደርጋል፤ ስምምነቱም በተቆጣጣሪው መጽደቅ አለበት። በቆላው ከተሞች ይህን ያህል ትልቅ ነገር ባይኖርም አሳቡ እንግዳ አይደለም፤ የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በሙቀት ስለሚያባክን፣ ያንን ሙቀት ለማድረቂያ ወይም ለውሃ ማሞቂያ መጠቀም ይቻላል። የእንፋሎት ማሞቂያ ከተጨመረ የሥራ ደኅንነት ቁጥጥርም ይከተላል። የቦረናን ግጦሽ እየወረረ ያለውን ቁጥቋጦ አንድዶ ኃይል ለማመንጨት የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ ቁጥቋጦው ሲያልቅ ምን እንደሚያነድ በአካባቢ ግምገማው ላይ አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል፤ ቀጣዩ ግራሩ እንዳይሆን ያሰጋልና።

ለአካባቢው አርአያ የሚሆኑ ሥራዎች አሉ። በዶሎ አዶ በሚገኙት የስደተኞች መጠለያዎች በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንና በአይኬያ ፋውንዴሽን ድጋፍ የተተከሉ የሶላር ሥራዎች ስደተኞችንና የአካባቢውን ነዋሪዎች ባቀፉ የኢነርጂ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተይዘዋል። በኦሞ ወንዝ ዳር በምትገኘው ኦሞራቴ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ራሱ የሶላር ሚኒ ግሪድ ተክሏል። ከገናሌ ማዶ፣ በደሎ መና ያለው 350 ኪሎዋት የያዶት የውሃ ኃይል ማመንጫም ትንሽ ማመንጫ ከዋናው መስመር ተነጥሎ ከተማ ሊያበራ እንደሚችል ያሳየ ነው።

ዋጋን ባለቤቱ እንዳሻው አይተምንም። የብሔራዊው መረብ ታሪፍ በመንግሥት ይጸድቃል፤ ከመረቡ ውጭ ያለውን ታሪፍ የሚያጸድቀው ባለሥልጣኑ ነው። በአምፖል ቁጥር ማስከፈል ብዙ ቴሌቪዥን ያለውን ጠቅሞ አንድ አምፖል ያላትን እናት ይጎዳል፤ ቆጣሪ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ዋናው መስመር የመጣ ዕለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን መርሐ ግብር 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሆኑ አማራጮች ለማዳረስ ያቀደ ነበር፤ የትኛው ቀበሌ በየትኛው ወገን እንደተመደበ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። በራስ ላይ የሚያልፍ መስመር ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውና በቦረና የሚያልፈው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ቀጥተኛ ፍሰት የሚያስተላልፍ ስለሆነ፣ ግዙፍ የመቀየሪያ ጣቢያ ሳይኖር በተራ ትራንስፎርመር ቅርንጫፍ ሊወጣለት አይችልም። ዋናው መስመር ሲደርስ ፈቃድ ያለው ባለቤት ስለ ካሣ፣ ስለ መስመሩ ርክክብ ወይም ኃይሉን ለመረቡ ስለ መሸጥ የሚደራደርበት ሰነድ አለው። ያለ ፈቃድ የዘረጋው ግን ደንበኞቹ በአንድ ሳምንት ወደ አዲሱ ቆጣሪ ሲሻገሩ ገመዱን ጠቅልሎ ከመውሰድ በቀር ብዙ ምርጫ አይኖረውም።

ለሞያሌ ነዋሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከድንበሩ ማዶ ላለው ሱቅ ገመድ መሳብ፣ ሱቁ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ቢሆንም፣ ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ መላክ ነው፤ የሚጠይቀውም ፈቃድ ከአገር ውስጥ ሽያጭ የተለየ ነው።