ቁጥሩ በማን ስም ነው? የጠፉ የስልክ፣ የሒሳብና የመታወቂያ ቁጥሮችን ስለማስመለስ

ስልኩ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚያዝነው ለቀፎው ነው፡፡ የቀፎ ዋጋ ዛሬ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ አይፈረድበትም፡፡ ሆኖም ቀፎ በገንዘብ ይተካል፡፡ ብዙ የሚያንከራትተው ከቀፎው ጋር አብሮ የሄደው ቁጥር ነው፡፡

ምክንያቱም የሞባይል ቁጥር ሰው መጥሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ሲጀምሩ የስልክ ቁጥሩ ራሱ የሒሳብ ቁጥር ሆነ፡፡ ባንኮች የማረጋገጫ ኮድ የሚልኩት በዚሁ ቁጥር ነው፡፡ የፋይዳ መታወቂያም የባለቤቱን ማንነት በርቀት ሲያረጋግጥ ኮዱን የሚልከው በምዝገባ ጊዜ ወደተሰጠው ስልክ ነው፡፡ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ከስልክ ቁጥር ውጪ ሰው አያውቁም፡፡ እናም አንድ ቁጥር ሲጠፋ አምስትና ስድስት በር በአንድ ጊዜ ይዘጋል፡፡

ብዙ ሰው ጉዳዩን የቴክኒክ ጉዳይ አድርጎ ስለሚወስደው በየሞባይል ጥገና ቤቱ ይዞራል፡፡ በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ነገሩ በመጀመሪያ ደረጃ የማስረጃ ጉዳይ ነው፡፡ ጥያቄውም አንድ ነው፤ ቁጥሩ የተመዘገበው በማን ስም ነው?

ቁጥሩ በራስዎ ስም የተመዘገበ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፡፡ ከሌላ ሰው ስልክ ወደ 994 ደውለው ሲሙን ያዘጋሉ፡፡ ቴሌብር ካለዎት ወደ 127፣ ባንክዎ ንግድ ባንክ ከሆነ ወደ 951 ይደውላሉ፤ የሌሎቹ ባንኮች ቁጥር በየቅርንጫፋቸው በር ላይ ተለጥፎ ይገኛል፡፡ ይህን በመጀመሪያው ሰዓት ማድረግ ነው እንጂ «ምናልባት ታክሲ ውስጥ ረስቼው ይሆናል፣ ረዳቱ ይመልስልኝ ይሆናል» እያሉ እስከ ማታ መጠበቅ አያዋጣም፡፡ የተዘጋ ሲም መልሶ ይከፈታል፤ የወጣ ገንዘብ ግን በቀላሉ አይመለስም፡፡ ቀጥሎ የታደሰ መታወቂያ ይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከል መሄድ ነው፡፡ አዲሱ ሲም በዚያው ቁጥር ሲወጣ አሮጌው መሥራት ያቆማል፡፡ በቴሌብር ያለው ገንዘብም በሲም ካርዱ ላይ ሳይሆን በድርጅቱ መዝገብ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ከሲሙ ጋር አብሮ አይጠፋም፡፡

ችግሩ ያለው ቁጥሩ በሌላ ሰው ስም ሲሆን ነው፡፡ ይህ ደግሞ በእኛ አገር ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም፡፡ ሞባይል አዲስ አበባ ከገባበት ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሲም ካርድ ብርቅ በነበረባቸው ዓመታት ወረፋ የደረሰው ሰው ለዘመዱ ያወጣ ነበር፡፡ በኋላም መታወቂያው ያልታደሰለት በወንድሙ፣ ከክፍለ አገር የመጣችው በአከራይዋ፣ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ስም ሲም ሲያወጡ ኖረዋል፡፡ ቁጥሩን አሥራ አምስት ዓመት የተጠቀመበት ሰው የእኔ ነው ብሎ ያምናል፡፡ በመዝገቡ ላይ ግን የእሱ ስም የለም፡፡

እዚህ ላይ ሕጉን ትንሽ ማየት ይጠቅማል፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1193 ግዙፍነት ያለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያደረገ ሰው የዕቃው ባለቤት እንደሆነ ይገምትለታል፡፡ ሲም ካርዷ ግዙፍነት ያላት ዕቃ ናት፡፡ ቁጥሩ ግን ግዙፍነት የለውም፡፡ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የስልክ ቁጥሮች የሚተዳደሩት በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ ኦፕሬተሩ ከተመደበለት ውስጥ ለደንበኛው ይሰጣል፡፡ ደንበኛው ያለው መብት ከኦፕሬተሩ ጋር ከገባው ውል የመነጨ የመጠቀም መብት ነው፡፡ ውል ደግሞ የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ነው፡፡ ስለዚህ «ሲሙ በእጄ ነው፣ ቁጥሩን አገር ያውቀዋል» የሚለው ክርክር በአገልግሎት ማዕከሉ መስኮት ላይ ዋጋ የለውም፡፡ መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ መቆጣትም ተገቢ አይደለም፡፡ የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ ለመጣ ሁሉ ሲም ብታወጣ ኖሮ የማናችንም ገንዘብ አይተርፍም ነበር፡፡

መፍትሔው ስም ማዛወር ነው፤ ጊዜውም ስልኩ ሳይጠፋ ነው፡፡ የተመዘገበው ሰው በሕይወት ካለና ፈቃደኛ ከሆነ ሁለቱም መታወቂያቸውን ይዘው አብረው ይቀርባሉ፡፡ ድርጅት ከሆነ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፡፡ ከሥራ ሲለቁ ሌላው ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ይህን ደብዳቤ መጠየቅ ብልህነት ነው፤ ከለቀቁ በኋላ የሰው ሀብት አስተዳደሩ በር ላይ መመላለስ ይመጣል፡፡ የተመዘገበው ሰው ፈቃደኛ ካልሆነ ደግሞ እውነቱን መናገር ይሻላል፤ የተጠቃሚው አቋም ደካማ ነው፡፡ ያን ጊዜ ቁጥሩን ትቶ ባንኩን፣ ፋይዳውንና ሌላውን ሁሉ በቶሎ ወደ አዲስ ቁጥር ማዛወር ከክርክሩ ይልቅ ያተርፋል፡፡

በራስ ስም ተመዝግቦም የሚቸገር አለ፡፡ ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ወጥ መልክ የለውም፡፡ ያው ተስፋዬ በቀበሌ መታወቂያው ላይ በአንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ዓይነት፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ በሦስተኛ ዓይነት ይጻፋል፡፡ የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው፤ አንዱ መዝገብ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይይዘውና ሰውየው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያይበታል፡፡ እንዲህ ያለውን ልዩነት ማስተካከል ልመና አይደለም፡፡ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንኛውም ሰው ስለእሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማስታረም መብት ሰጥቶታል፡፡ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብና የገቢ ማኅተም ያለበትን ቅጂ መያዝ ነው፡፡ ኦፕሬተሩ ምላሽ ከነፈገ አቤቱታው የሚቀርበው ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡

የሟች ስልክ ነገር ለብቻው መነሳት ይኖርበታል፡፡ አባት ሲያርፉ ልጆች ስልካቸውን ይዘው፣ የምሥጢር ቁጥሩንም ስለሚያውቁ፣ በቴሌብርና በባንክ ያለውን ገንዘብ ለለቅሶው ወጪ ያንቀሳቅሳሉ፡፡ አብዛኛው በቅን ልቦና የሚደረግ ነው፡፡ በሕግ ዓይን ግን ሰውየው ከሞቱበት ቀን ጀምሮ ገንዘቡ የውርስ ሀብት ነው፤ ከሌላ እናት የተወለደ ወንድም ወይም ያልታሰበ ወራሽ ብቅ ሲል ያቺ ዝውውር በፍርድ ቤት ትቆጠራለች፡፡ መንገዱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 መሠረት የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ለባንኩም ለቴሌኮሙም ማቅረብ ነው፡፡ እስከዚያው ድረስ ሲሙን አለማዘጋት ይመከራል፤ ያበደሩትም የተበደሩትም ሰዎች የሚደውሉት በዚያ ቁጥር ነውና፡፡

ወደ ውጭ የሄዱት ወገኖቻችን ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይገናኛል፡፡ እንበል አንዲት እህታችን ዱባይ ወይም ቤይሩት ስትሠራ የኢትዮጵያ ሲሟን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣለች፡፡ ገንዘቧ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ነው፡፡ ለረዥም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ግን ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል፡፡ ያን ጊዜ ባንኩ ለእሷ የሚልከው ኮድ ለማታውቀው ሰው ይደርሳል ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ከመሄድ በፊት ባንኩ መልእክቱን በምን ሊልክላት እንደሚችል መጠየቅ፣ ካልሆነም ሲሙ አልፎ አልፎ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል፡፡ ከሄዱ በኋላ የሚቀረው ውክልና ነው፡፡ ውክልናው ባሉበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከተሰጠ በኋላ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ያልፋል፡፡ «በማናቸውም ጉዳይ እንዲወክለኝ» የሚል ጥቅል ውክልና አይበቃም፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው የሚሸፍነው፡፡ ሲም ካርድ ማውጣት፣ የስልክ ቁጥር ማስቀየር፣ የዚህን ባንክ የዚህን ሒሳብ ማንቀሳቀስ እየተባለ በስም በስሙ ካልተጻፈ ወኪሉ ከመስኮት ይመለሳል፤ ለሁለተኛ ውክልና ሌላ ሁለት ወር መጠበቅም ይመጣል፡፡

አሁን ወደ ኮንታክቱ እንለፍ፡፡ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ሲሙ ሲወጣ ስሞቹም አብረው ይመለሳሉ የሚል፡፡ አይመለሱም፡፡ ቴሌኮሙ የደወሉባቸው ቁጥሮች መዝገብ ቢኖረውም ያንን ቁጥር «ጋሽ እገሌ ሜካኒክ» ብለው መመዝገብዎን አያውቅም፡፡ ስሞቹ የሚመለሱት ቀድሞ ሌላ ቦታ ተቀምጠው ከነበረ ብቻ ነው፡፡ አንድሮይድ ስልክ አዲስ ስም ሲመዘገብበት የት እንደሚያስቀምጠው ምርጫ አለው፤ በሲም፣ በስልኩ ወይም በጉግል አካውንት፡፡ በሲም ወይም በስልኩ ላይ የተቀመጠው ከዕቃው ጋር ይሄዳል፡፡ በጉግል የተቀመጠው አዲስ ቀፎ ላይ በዚያው አካውንት ሲገቡ ተመልሶ ይመጣል፤ በስህተት የተደመሰሰ ከሆነም በ30 ቀናት ውስጥ መመለስ ይቻላል፡፡ የአፕል ስልክ ያላቸውም በአይክላውድ ድረ ገጽ በኩል በተመሳሳይ የ30 ቀናት ጊዜ ውስጥ የቆየ ቅጂ ያገኛሉ፡፡ ሳምንቱን ሙሉ «ይመጣል» ብሎ መጠበቅ እንግዲህ ከዚህ ቀን ላይ መቀነስ ነው፡፡

ቴሌግራም እዚህ ላይ ሳይታሰብ ባለውለታ ይሆናል፡፡ ኮንታክት እንዲያይ ከተፈቀደለት ስሞቹን በራሱ ማኅደር ይይዛል፤ ስለዚህ በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ክፍት የቀረ ቴሌግራም ካለ አለመዝጋት ነው፡፡ በአዲስ ስልክ ሲገቡ ኮዱ ወደዚያው ወደ ተከፈተው ይመጣል፡፡ ለጉግል አካውንት ደግሞ የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ከለመደው ኮምፒዩተርና ከለመደው ቦታ ሆኖ ቢሞክር የተሻለ ዕድል አለው፡፡ ከኢንተርኔት ካፌ መሞከር ነገሩን ያከብደዋል፡፡ ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ኩባንያው ሊሰርዘው እንደሚችልም ማወቅ ጥሩ ነው፡፡

የወረቀት ማስታወሻ ያላቸው አንባቢዎች አይሳቁ፤ ዛሬም ይሠራል፡፡ ብቻ ከ1998 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ከሆነ ቁጥሩ ባለ ስድስት አሃዝ ነው፡፡ በዚያ ዓመት መባቻ በተደረገው ለውጥ የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ 01 የነበረው 011 ሆኖ በቁጥሩ ፊት እንደየጣቢያው አንድ አሃዝ ተጨመረ፤ በ51 ይጀምር የነበረው 551፣ በ61 ይጀምር የነበረው የቦሌ ቁጥር 661 ሆነ፡፡ የአዲስ አበባ የቀድሞ ሞባይሎች 09 ቀርቶ 0911 ተደረገላቸው፡፡ ሃያ ዓመት የተረሳ ወዳጅ በዚህ መንገድ ሊገኝ ይችላል፡፡

ሌሎቹ ቁጥሮች ብዙ አያስጨንቁም፡፡ አሥር አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በንግድ ፈቃድ ላይና በቆረጡት ደረሰኝ ሁሉ ላይ አለ፡፡ የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር በ1000 የሚጀምር አሥራ ሦስት አሃዝ ሲሆን በደብተሩና በገቢ ደረሰኙ ላይ ይገኛል፡፡ የፋይዳው አሥራ ሁለት አሃዝ ቢጠፋ፣ በስልክ ለማግኘት የሚያስፈልገው ኮድ ወደ ጠፋው ቁጥር ስለሚሄድ ክብ ሆኖ መዞር ይመጣል፡፡ ክቡን የሚሰብረው በአካል ምዝገባ ጣቢያ መቅረብ ነው፤ አሻራና የዓይን ብሌን ተወስዷልና ሰውየው ራሱ ማስረጃ ነው፡፡

በመጨረሻም፣ ስልክ በጠፋ ማግስት የሚደውሉ አሉ፡፡ «ከባንክ ነን፣ ሒሳብዎን ልናስተካክል ስለሆነ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩን» ይላሉ፡፡ ኮድ የሚጠይቅ ሰው ማንም ይሁን ማን ስልኩ ይዘጋበታል፡፡ ከነገሯቸው በኋላ ከሆነ የነቁት፣ ጉዳዩ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው፡፡ ለፖሊስ ሲያመለክቱ የደወለውን ቁጥር፣ የተደወለበትን ሰዓትና ገንዘቡ የወጣበትን የግብይት ቁጥር አያይዘው ያቅርቡ፤ ለባንኩም በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የተቀበለው ሰው የፈረመበትን ቅጂም ይያዙ፡፡