ድምሩ ልክ ሲሆን፦ የጭነት መኪና ባትሪና የወሎ መንገድ ታሪክ



የዛሬው ገለጻዬ የሚነሣው በታሪክ ክፍል ብዙም ከማይጠቀስ ነገር ነው፤ የኮምቦልቻና የደሴ ጋራዦች በሚገባ ከሚያውቁት አንድ የጭነት መኪና ብልሽት። ብልሽቱን የማነሣው ለጨዋታ ማዋዣ አይደለም። የሚመረመርበት መንገድ እኛ የታሪክ ሰዎች ማስረጃ ስንመዝን የምንዘነጋውን ነገር አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው።

አስቀድሜ ስለ መንገዱ ልናገር። አሰብን ከደሴ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ለመሥራት ኢትዮጵያና ጣሊያን ከሐምሌ 1920 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ጋር ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ እንደታሰበው ሳይፈጸም ደሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በወራሪው ጦር እጅ ወደቀች፤ መንገዱንም ወራሪው ለራሱ ዓላማ ሠራው። ከነጻነት በኋላ ግን ከአሰብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መስመር ከአገሪቱ ዋና ዋና የንግድ መስመሮች አንዱ ሆነ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው ክፍል ዛሬም የሰሜኑን ጭነት ያስተናግዳል። የዚህ ታሪክ አሻራ በጋራዥ ቋንቋ ውስጥም አለ፦ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን። ፊያት 682ንም ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» ብለው የሚጠሩት በጣሊያንኛው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ብልሽቱ ልምጣ። ከባድ የናፍጣ መኪና በአብዛኛው የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ይህንም የሚያገኘው ባለ12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎችን በተከታታይ በማያያዝ ነው። ለትንሽ መኪና የተሠራ ቴፕ ግን የሚፈልገው 12 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ አቋራጭ ይፈለጋል፤ ከሁለቱ ባትሪዎች መገናኛ ላይ ሽቦ ይወጣና ቴፑ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ይመገባል። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ደኅና ይመስላል።

ችግሩ በመሙላት ላይ ነው። ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች የሚሞላው በአንድ ፍሰት ነው፤ የትኛው እንደጎደለ አይለይም። ፍሰቱን የሚቆጣጠረው ሬጉላተር የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው፤ ድምሩ ወደ 28 ቮልት ከደረሰ ለእርሱ ሁሉም ልክ ነው። ይሁን እንጂ 28 ቮልት ሁልጊዜ 14 እና 14 አይደለም። 13 እና 15 ቢሆንም ድምሩ ያው ነው። 13 የደረሰው ባትሪ በየቀኑ እየጎደለ ይሄዳል፤ 15 የደረሰው ከልክ በላይ ተሞልቶ ይፈላል፣ ውኃውንም ይጨርሳል። አንድ ማለዳ ሞተሪኖው አልነሣም ሲል ሾፌሩ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ሽቦው ከቦታው ስላልተነሣ አዲሱም የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

ልምድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ጫፍና ጫፍ ለክቶ 28 በማግኘቱ አይረካም። ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው ይለካል። ልዩነት ካገኘም «ከየትኛው ነው የሚቀዳው?» ብሎ ሽቦውን ተከትሎ ይሄዳል። መድኃኒቱም ሽቦውን ከመገናኛው አንሥቶ፣ 24ቱን ወደ 12 በሚቀንስ መሣሪያ በኩል ከሁለቱም እኩል እንዲቀዳ ማድረግ ነው።

ይህን ይዘን ወደ 1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ እንመለስ። ፕሮፌሰር አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያነሡት ጥያቄ የዚህ ዓይነት ነበር። እንደ እርሳቸው ትንታኔ የአገሪቱ የምግብ ድምር ያን ያህል አልቀነሰም። የወሎ አዝመራ ግን በድርቅ ጠፍቶ ነበር። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ረሃቡን በሚመጥን መጠን አልናረም፤ አዝመራውና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ የሚገዛበት አቅም አልነበረውምና። ከዚያም አልፎ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደነበር ያመላክታሉ። የተራበውም ሕዝብ ተሰብስቦ የነበረው በዚያው ዋና መንገድ ዳር ነበር። ትንታኔያቸውን የተቹ ምሁራን አሉ፤ የምርት መቀነሱን ክብደት አሳንሰዋል ይሏቸዋል። ክርክሩ ግን አንድ ነገር አጽንቷል፦ የአገር ድምር የአንድን አውራጃ ረሃብ ሊሸፍን ይችላል።

ንጽጽሩ ወሰን አለው። ባትሪ አይሞትም፤ የሰው ጉዳት አዲስ ዕቃ በመግዛት አይተካም። መኪናውን የሸቦው ሰው ደግሞ ጉዳት ይደርሳል ብሎ ላያስብ ይችላል፤ ስለ ገበያና ስለ መንግሥት ግን ማን ምን ያውቅ ነበር ብለን የመጠየቅ ግዴታ አለብን።

ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የጉዳቱ ሪፖርት በዞንና በክልል ድምር ይቀርባል። ድምሩን አትናቁት፤ እርሱም ልኬት ነው። ነገር ግን በእርሱ ላይ አትቁሙ። ወደ ቀበሌው፣ ወደ ሱቁ፣ ወደ ጋራዡ ውረዱ፤ ማን ምን አጣ፣ ከማንስ ተወሰደ ብላችሁ እያንዳንዱን ለብቻው ለኩ። ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ከእነርሱ የማንመዘግበውን ከየትኛውም መዝገብ ቤት አናገኘውም።