የእስፓንኛ ንግግርን ለብቻ መለማመድ

የእስፓንኛ ንግግርን ለብቻ መለማመድ፣ አስተማሪ ወይም የንግግር ጓደኛ በሌለበት፣ ድምፅ አውጥቶ በመናገር፣ ራስን በመቅዳትና በማረም የእስፓንኛን (በተለምዶ ስፓኒሽ የሚባለውን ቋንቋ) የመናገር ችሎታ ማዳበር ነው። አንብቦ መረዳት ብቻውን ተናጋሪ አያደርግም፤ ምላስ የሚፈታው በመናገር ነው። ዘዴው የቋንቋው ተናጋሪዎች አልፎ አልፎ ብቻ በሚገኙባቸው እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ከተሞች ጠቃሚ ነው።

መነሻ

እስፓንኛ በ20 አገሮች የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሲሆን፣ ከ450 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በአፍ መፍቻነት ይናገሩታል። ከ20ዎቹ አገሮች አንዷ ኢኳቶሪያል ጊኒ በአፍሪካ ትገኛለች።

በኢትዮጵያ እስፓንኛን በብዛት የተማሩት ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ ወደ ኩባ የተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ የተማሩት የወጣቶች ደሴት በተባለችው የኩባ ደሴት ነበር። እነዚህ ተማሪዎች ቋንቋውን ቀን ከሌት የሚሰሙበት አካባቢ ነበራቸው። ለብቻው የሚለማመድ ሰው ግን ይህን አካባቢ ራሱ መፍጠር አለበት።

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች፤ ዳባት በሁለቱ መካከል በመንገዱ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በደባርቅ ነው። አስጎብኚዎች ከተለያዩ አገሮች ከሚመጡ እንግዶች ጋር ከዚህ ተነስተው ወደ ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ ይጓዛሉ። በክረምት ወራት ግን ጎብኚ ይቀንሳል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት፣ በኋላም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ፍሰቱ ይበልጥ ተዳክሟል። ስለዚህ እንግዳ እስኪመጣ ጠብቆ ቋንቋ መለማመድ አያዋጣም።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀሉ ነገሮች

እስፓንኛ አምስት አናባቢ ድምፆች ብቻ አሉት፤ ሁሉም በአማርኛ አሉ። ኝ የሚለው ድምፅም በሁለቱም ቋንቋዎች ይገኛል። አጻጻፉ ከአነባበቡ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ደንቡን ያወቀ ሰው አዲስ ቃል ሲያይ በአብዛኛው በትክክል ያነበዋል።

በሰዋስውም መመሳሰል አለ። በአማርኛ «ሄድኩ» ሲባል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልግ ሁሉ፣ በእስፓንኛም ባለቤቱ ከግሡ ይታወቃል። «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለው የአክብሮት ልዩነትም «ቱ» እና «ኡስቴድ» በሚሉ ቃላት ይገለጻል።

የሚያስቸግሩ ነገሮች

ጥብቀትና ልላት፦ «ፔሮ» ሮ ሲላላ «ግን»፣ ሮ ጠብቆ ሲንቀጠቀጥ «ውሻ» ማለት ነው። «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለያይ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም።

የድምፅ ጫና፦ «ፓፓ» ጫናው መጀመሪያው ላይ ሲሆን «ድንች»፣ መጨረሻው ላይ ሲሆን «አባባ» ነው። «አብሎ» ደግሞ እንደ ጫናው «እናገራለሁ» ወይም «ተናገረ» ይሆናል። አማርኛ ትርጉምን በዚህ መንገድ ስለማይለይ ጆሮ መልመድ አለበት።

በግዕዝ ፊደል መጻፍ፦ ቃላቱን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ለጅማሬ ይረዳል። ሆኖም ፊደሉ ጫናንና ጥብቀትን አያሳይም። «ትሬስ» (ሦስት) ተብሎ የተጻፈውንም በት እና በሬ መካከል አናባቢ አስገብቶ የማንበብ ልማድ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ ሁልጊዜ ከድምፅ ጋር መነጻጸር አለበት።

አሳሳች ቃል፦ «አይ» በእስፓንኛ «አለ» ማለት ነው። «አይ አጉዋ» ውኃ አለ፣ «ኖ አይ አጉዋ» ውኃ የለም ይሆናል። በአማርኛ «አይ» እምቢታ በመሆኑ ሁለቱን አረፍተ ነገሮች እያፈራረቁ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ሰዓት፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በእስፓንኛ ሰባት ሰዓት፣ «ላስ ሲዬቴ»፣ ይባላል። አስጎብኚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቦ «አ ላ ኡና» (በአንድ ሰዓት) ቢል፣ እንግዳው ቀጠሮው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው ብሎ ሊረዳ ይችላል።

የመለማመጃ ዘዴዎች

1. ተከትሎ ማለት፦ አጭር ቅጂ እያዳመጡ ከተናጋሪው እኩል፣ ዜማውን ሳይለቁ መድገም ነው። አንድን የአንድ ደቂቃ ቅጂ አሥር ጊዜ መድገም አሥር ቅጂዎችን አንድ አንድ ጊዜ ከመስማት ይልቅ አፍን ያሠለጥናል። ኔትወርክ ሲኖር ቅጂዎችን አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል።

2. አረፍተ ነገር መለዋወጥ፦ አንድን አረፍተ ነገር ይዞ ሰውን፣ ጊዜንና ቁጥርን መቀየር ነው። የአሜሪካ የውጭ አገልግሎት ተቋም ያዘጋጀው የእስፓንኛ ትምህርት በዚህ መልክ የተሠራ ነው፤ በነፃ ይገኛል፤ ማብራሪያው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

3. የሚያዩትን መናገር፦ በመንገድ ላይ የሚታየውን ሁሉ ድምፅ አውጥቶ መግለጽ ነው። ጭላዳ በእስፓንኛ «ኼላዳ»፣ ቀይ ቀበሮ «ሎቦ ኤቲዮፔ» ይባላል። አጥንት ከከፍታ ጥሎ የሚሰብረው አሞራ ስሙ «ኬብራንታዌሶስ»፣ ማለትም አጥንት ሰባሪ ነው።

4. ለሥራ የሚያስፈልጉ ጥያቄዎችን ቀድሞ መልመድ፦ በከፍታ ቦታ ራስ ምታት የከፍታ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ «ሌ ዱዌሌ ላ ካቤሳ?» (ራስዎን ያምዎታል?) የሚለው ጥያቄ ሳያስቡት ከአፍ መውጣት አለበት። ገደል አፋፍ ላይ «ኩዊዳዶ» (ይጠንቀቁ) የሚለውን ቃል ለማስታወስ ጊዜ የለም።

5. ራስን መቅዳት፦ በስልክ ቀድቶ ከዋናው ቅጂ ጋር ማነጻጸር ነው። ሰው ሲናገር የማይሰማው ስሕተት ሲያዳምጥ ይታወቀዋል። ከወር በፊት የተቀዳውን መስማትም ለውጡን ያሳያል።

6. የስልክ ድምፅ መጻፊያ፦ የስልኩን ቋንቋ ወደ እስፓንኛ ቀይሮ በመናገር የሚጻፈውን ማየት ነው። «ውሻ» ለማለት ተፈልጎ «ግን» ከተጻፈ ሮ አልጠበቀም ማለት ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ሙሉ አረፍተ ነገር ሲሰማ የጎደለውን በግምት ስለሚሞላ፣ አነባበብን ለመፈተን ነጠላ ቃል ይሻላል።

ገደቦች

ለብቻ መለማመድ ውይይትን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ያልተጠበቀ ጥያቄ፣ በፍጥነት የሚናገር ሰውና የአነጋገር ዘዬ ልዩነት የሚገጥሙት ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ነው። ለምሳሌ «ግራሲያስ» (አመሰግናለሁ) በኩባና በሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች በስ ሲነገር፣ በአብዛኛው እስፓንያ ምላስ በጥርሶች መካከል ወጥቶ ይነገራል። ሳይታረም የተደጋገመ ስሕተትም ልማድ ይሆናል። ስለዚህ ብቻውን የሚለማመድ ሰው «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቮር» (እባክዎ ቀስ ብለው) እና «ኮሞ ሴ ዲሴ?» (እንዴት ይባላል?) የሚሉትን አስቀድሞ ቢያጠና፣ ተናጋሪ ባገኘ ቀን ውይይቱን ሳያቋርጥ ስሕተቱን ለማረም ያስችሉታል።