የጠፋ አያት በየትኛው መዝገብ ይገኛል?
ከሁርሶ ጣቢያ እስከ ሐረር የቃዲ ችሎት

ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኤረር በሚወስደው አሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የምትገኘው ሁርሶ ዛሬ በብዛት የምትታወቀው በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው። የቀድሞው ትውልድ ግን ሁርሶን የሚያውቃት በባቡር ጣቢያነቷ ነበር። በዚህ መስመር ላይ የኢሳና የጉርጉራ አርብቶ አደር፣ ከሐረር ደጋ የወረደ ኦሮሞ፣ ከሐረር ከተማ የመጣ ነጋዴ፣ ከየመን ባሕር የተሻገረ ዐረብ ተገናኝተዋል፤ ተጋብተዋል፤ ወልደዋል። ከሦስትና ከአራት ትውልድ በኋላ የልጅ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ስም ቢያውቁም የቅድመ አያቶቻቸውን አገርና ዘመን የማያውቁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄው የጉጉት ብቻ አይደለም። ውርስ ሲከፈል፣ ጋብቻ ሲታሰብና መሕረም መሆን አለመሆኑ ሲያጠራጥር፣ የተበታተነ ዘመድ ሊጠየቅ ሲፈለግ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ኢማሙ ወይም መምህሩ ፊት ይመጣል። ስለዚህ የቆዩ የመንግሥት፣ የኩባንያና የፍርድ ቤት መዝገቦች ምን ሊነግሩን እንደሚችሉና ምን ሊነግሩን እንደማይችሉ መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» የአውሮፓውያንን፣ «ዓ.ሂ.» የሂጅራን አቆጣጠር ያመለክታል።

1. ነሰብን ማወቅ ለምን?

ሱረቱል አሕዛብ በ5ኛው አንቀጽ ልጆች በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዛል፤ አባቶቻቸው ያልታወቁትንም የሃይማኖት ወንድሞች ያደርጋቸዋል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስም ዝምድና የሚቀጠልበትን ያህል ነሰብን መማር ተመክሯል። ልኩ እዚህ ላይ ተቀምጧል፤ ነሰብ የሚፈለገው ዝምድናን ለመቀጠል እንጂ ለመመካት አይደለም። ሱረቱል ሑጁራትም በ13ኛው አንቀጽ ነገድና ጎሳ ለመተዋወቂያ እንደሆኑና ክብር በተቅዋ ብቻ እንደሆነ ያስተምራል። የአንደሉሱ ሊቅ ኢብን ሐዝም (456 ዓ.ሂ. ያረፉት) በታላቁ የነሰብ መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ ማግባት የተከለከሉ ዘመዶችንና ወራሾችን ማወቅ ግዴታ ከሆኑት የነሰብ ዕውቀቶች ወገን መድበውታል።

መዝገብም ለሙስሊሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዲዋን ሲያቋቁሙ ሰዎችን ያስመዘገቡት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰብ ጀምረው በየነሰባቸው ነበር። የሂጅራ አቆጣጠር የተጀመረበትን ምክንያት ከሚያወሱት ዘገባዎች አንዱም አንድ የዕዳ ሰነድ ወደ እርሳቸው እንደቀረበና ወሩ ሻዕባን ተብሎ ዓመቱ ስላልተገለጸ፣ የትኛው ሻዕባን እንደሆነ እንደጠየቁ ይናገራል። ዘመን የሌለው ጽሑፍ ግማሽ ምስክር መሆኑን ዛሬ መዝገብ የሚያገላብጥ ሁሉ በየገጹ የሚያገኘው እውነት ነው።

2. መዝገብ የሚያየው የጸሐፊውን ጉዳይ ነው

የመጀመሪያው መርሕ ይህ ነው፦ ማንኛውም መዝገብ የተጻፈው ለጸሐፊው ጉዳይ እንጂ ለእኛ ፍለጋ አይደለም። ኩባንያ የሚጽፈው ደመወዝ የሚከፍለውን ሰው ነው። ግብር ሰብሳቢ የሚጽፈው ባለ መሬቱን ነው። የወደብ ሹም የሚጽፈው የሚገባውንና የሚወጣውን ነው። ቃዲ የሚጽፈው መብት የተከራከሩትን ወይም የወረሱትን ነው። አንድ ሰው በአንዱ መዝገብ ጠፍቶ በሌላው የሚገኘው ስለዚህ ነው።

የባቡሩን መስመር እንመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1902) ድሬዳዋ ደረሰ። ወሩ በሂጅራ የ1320 ረመዳን ነበር። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከተማይቱን ትቶ በቆላው ሲያልፍ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ከከሰረ በኋላ በ1900 ዓ.ም. የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የተባለው አዲስ ኩባንያ ተተክቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሁርሶ የዚህ ሁለተኛው ምዕራፍ ልጅ ናት። ቀጣሪው በፈረንሳይኛ የሚሠራ በመሆኑ የሐዲድ ሠራተኛን አሻራ የሚፈልግ ሰው ከዐረብኛና ከአማርኛ ወረቀት በፊት የፈረንሳይኛ ወረቀት ሊገጥመው ይችላል።

ከባቡሩ በፊት የመጣውን ሰው ለመፈለግ ደግሞ የመጣበትን በር መጠየቅ ይገባል። ሐረር ከ1875 እስከ 1885 (እ.ኤ.አ.) በግብፅ እጅ ነበረች፤ የዚያ አስተዳደር ደብዳቤ የሚፈለገው በካይሮ ቤተ መዛግብት ነው። ዘይላ እ.ኤ.አ. በ1884 ከግብፃውያን ወደ እንግሊዞች አለፈች። ጅቡቲ ደግሞ ከ1888 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፈረንሳይ ወደብ ሆነች። ዐደን እስከ 1937 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከብሪታንያ የሕንድ አስተዳደር ጋር የተሳሰረች ስለነበረች የዘመኑ ወረቀቷ ብዙው ለንደን በሚገኘው የሕንድ ቢሮ ክምችት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅድመ አያቱ ከየመን እንደመጡ ብቻ የሚያውቅ የሁርሶ ሰው በመጀመሪያ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ያለበት ‹በየትኛው ወደብ ወረዱ? ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?› ብሎ ነው። መልሱ ፍለጋውን ከአራት አገር ወደ አንድ ያሳጥርለታል።

3. ስምና ዘመን የሚያጠምዱበት ቦታ

በአገራችን ልማድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። የአውሮፓ ጸሐፊ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የመመዝገብ ልማድ አለው። በዚህ ምክንያት የሁለት ወንድማማቾች ልጆች በአያታቸው ስም እንደ አንድ ቤተሰብ ሲገኙ፣ አባትና ልጅ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች መስለው ሊቀመጡ ይችላሉ። የላቲን ፊደል ዐይንን ከአሊፍ፣ ሐን ከሀ አይለይም፤ ዐብዱረሕማን የሚለው ስምም ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ክፍል የአባት ስም ሊመስል ይችላል። ሐጂ፣ ሼኽ፣ አው የሚሉት ማዕረጎች እንደ ስም ይገባሉ። በሶማሌዎች ዘንድ ደግሞ ሰው በቅጽል ስሙ ይበልጥ የሚታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ‹ረጅሙ› ወይም ‹ትንሹ› ተብሎ የተመዘገበን ሰው የሚያውቁት የአካባቢው ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

የዘመን ስሕተት ከዚህ ይከፋል። የጨለንቆ ጦርነት በአንድ አቆጣጠር 1879፣ በሌላው 1887፣ በሦስተኛው 1304 ነው። ሦስቱም ትክክል ናቸው። አንድ ሰው «በ1895 ድሬዳዋ ተቀጠረ» የሚል ቃል አግኝቶ ዓመቱን እንደ አውሮፓውያን ቢያነበው ቅድመ አያቱን ከተማዋ ሳትኖር፣ በጅቡቲ የመጀመሪያው ሐዲድ ሳይነጠፍ ሠራተኛ ያደርጋቸዋል። የዕድሜ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ 33 የሂጅራ ዓመት ወደ 32 የፀሐይ ዓመት ስለሚጠጋ በሂጅራ 66 ዓመት የኖረ ሰው በፀሐይ አቆጣጠር 64 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አንድ ልጅ አባቱ ከመሞቱ በፊት ወይም በኋላ መወለዱን ለመወሰን ይበቃል።

4. እናቶች የሚገኙት በውርስ መዝገብ ነው

በባቡር ኩባንያ የደመወዝ ዝርዝር ውስጥ አያትን የሚፈልግ ሰው ሴት አያቱን እዚያ ለማግኘት ተስፋ የለውም። በቃል የሚቆጠረው የአባቶች ሐረግም፣ የሶማሌው አብቲርሲ ጭምር፣ የሚያስቀምጠው ወንዶችን ነው። እናቶች ሁለት ጊዜ ይጠፋሉ ማለት ነው።

አንድ ዓይነት ጽሑፍ ግን ሊያልፋቸው አይችልም። ሱረቱ-ኒሳእ በ11ኛው፣ በ12ኛውና በ176ኛው አንቀጽ ለእናት፣ ለሚስት፣ ለልጅና ለእህት ድርሻ ቆርጦላቸዋል። ሚስት ልጅ ካለ ስምንተኛውን፣ ከሌለ አራተኛውን ትወስዳለች፤ እናት ልጅ ሲኖር ስድስተኛውን ትወስዳለች። ቃዲው ርስቱን በሥርዓቱ ለማካፈል እያንዳንዷን ሴት ለይቶ ማወቅ አለበት፤ አንዷ ብትረሳ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። በሐረር ከአሚሮች ዘመን ጀምሮ በዐረብኛ የተጻፉ የመሬት ሽያጭና የውርስ ሰነዶች፣ ኋላም በ1936 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የታወቁት የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች ፋይሎች ለነሰብ ፍለጋ ያላቸው ዋጋ ከዚህ ይመነጫል። ለኩባንያው የማትታይ የነበረችው ሴት በቃዲው ፊት ባለመብት ናት፤ ስለዚህም ባለ ስም ናት። ሴት አያቱን የሚፈልግ ሰው የአያቱን ባል ወይም ወንድም የሞት ጊዜ ለይቶ የዚያን ዘመን የውርስ ፋይል ቢጠይቅ ከሌላው መንገድ ሁሉ የቀረበ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚጠፉት በባርነት የተሸጡት ናቸው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪቀር ድረስ ከደቡብና ከምዕራብ አገር የተነጠቁ ሰዎች በሐረርና በወደቦቹ መንገድ ተሸጠዋል። አዲስ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የአባታቸው ስም ቀርቶ በጌታቸው ስም የታወቁም አሉ። እንዲህ ያለ ቅድመ አያት ያለው ሰው መዝገብ ቢያገላብጥ ከተሸጡበት ወይም ነፃ ከወጡበት ቀን በፊት ያለው ገጽ ባዶ ሊሆንበት ይችላል። ያንን ባዶ ገጽ በፈጠራ የዐረብ ሐረግ መሙላት የአሕዛብን አንቀጽ መጣስ ነው፤ ባዶነቱን እንደ ነውር መቁጠርም እንዲሁ። አንቀጹ ለእነርሱ ያዘጋጀው ስም ‹ወንድሞቻችሁ› የሚል ነው።

5. ቃልና ጽሑፍ ሲገናኙ

ታዲያ በቃል የተላለፈው ሐረግና በጽሑፍ የተገኘው ሲጋጩ የትኛው ይታመናል? የሐዲስ ሊቃውንት መንገዱን አሳይተውናል። ዘጋቢው ማን ነው? ካስተላለፈለት ሰው ጋር በዘመን ተገናኝቷል? በዘገባው ጥቅም አለው? እነዚህ ጥያቄዎች ለኩባንያ ጸሐፊም ለመንደር ሽማግሌም እኩል ይቀርባሉ።

ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማቸው አንድ ጠቃሚ ሚዛን ይሰጣሉ፦ በ100 ዓመት ውስጥ በአማካይ 3 ትውልድ ይቆጠራል፤ የአባቶች ቁጥር ከዘመኑ ጋር ካልተስማማ ሐረጉ ጎድሏል ወይም በዝቷል። በሐረር ትውፊት ሼኽ አባዲር የገቡት በ612 ዓ.ሂ. ነው። ከዚያ ወዲህ ከ830 የሂጅራ ዓመት በላይ አልፏል። ስለዚህ ከዛሬ ሰው እስከ እርሳቸው የሚቆጠር ሐረግ 25 ያህል ስም ሊኖረው ይገባል። 10 ስም ብቻ ያለው ሐረግ ውሸት ነው ማለት ግን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የታወቁት አባቶች ቀርተው በመካከል ያሉት ተረስተዋል። ሚዛኑ የሚያገለግለው ጥያቄ ለመክፈት እንጂ ሰውን ከነሰቡ ለመቁረጥ አይደለም።

በዚህ አካባቢ በሰፊው በሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ ነሰብ በሕዝብ ዘንድ ተሰራጭቶ በሚታወቅ ወሬ፣ ማለትም በኢስቲፋዳ፣ ሊጸና ይችላል። የፊቅህ ሊቃውንት ሸሪዓ ነሰብን ለማጽናት ያዘነበለ መሆኑን ያስረዳሉ፤ በኡሱልም የሚያጸና ማስረጃ ከሚያፈርሰው ይቀድማል የሚል መርሕ አለ። ከዚህ የምናገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። መዝገብ ላይ የተገኘ ስም ማስረጃ ነው፤ መዝገብ ላይ አለመገኘት ግን ማስረጃ አይደለም። ጣቢያ ላይ ለአንድ ወቅት ድንጋይ ተሸክሞ የሄደ ሰው፣ ወረቀቱ የተቃጠለበት፣ ስሙ የተዛባበት ሰው የለም አይባልም። ‹ፋይል ውስጥ አልተገኘህም› ተብሎ ወራሽ ከድርሻው ቢወጣ ጸሐፊው የረሳውን ሰው እኛ ሁለተኛ ጊዜ እንረሳዋለን።

6. የእኛ ወረቀት

በአገራችን ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ወጥ ሆነው መመዝገብ የጀመሩት በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለኖረው አብዛኛው ሰው የሕይወቱ ወረቀት ኢማሙ የጻፈው የኒካሕ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመስጊድ ጸሐፊ ሳያውቀው የነገ ትውልድ መዝገብ ቤት ነው።

የሙሽሮቹ ስም እስከ ቅድመ አያት፣ የሁለቱም እናቶች ሙሉ ስም፣ የትውልድ መንደር፣ ቅጽል ስም ካለ እርሱም፣ የሂጅራና የኢትዮጵያ ቀን ጎን ለጎን፣ የወሊዩና የምስክሮቹ ስም በግልጽ ቢጻፍና አንድ ቅጂ በመስጊዱ ቢቀር ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ከ80 ዓመት በኋላ በሁርሶ ወይም በድሬዳዋ አንዲት ሴት የእናቷን እናት ስም ፈልጋ ስትመጣ፣ ስሙን የሚያውቀው ሽማግሌ ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆኖ ይሆናል። ወረቀቱ ግን ዓመቱን ጭምር ይነግራታል።